ቀን ቁረጡ

«የመውጫውን ቀን መናገር ለጠላት ልብ መስጠት ነው» የሚለው ክርክር ለእኔ ከቶ አልተዋጠልኝም። ኢራቅን የያዙት ኃያላን ለዓመታት የተሟገቱት በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲገቡ «ነፃ አውጪዎች ነን» አሉ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ግን በዚያው ዓመት፣ በውሳኔ ቁጥር 1483፣ ያዥ ኃይል መሆናቸውን ጻፈው።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ2007 የመውጫ ጊዜ ያካተተ የበጀት ሕግ ቢያወጣ ፕሬዚዳንት ቡሽ ውድቅ አደረጉት። በቀጣዩ ዓመት ማገባደጃ የእኚሁ ሰው መንግሥት ከባግዳድ ጋር ውል ፈረመ፦ ጦሩ በ2009 አጋማሽ ከከተሞች፣ በ2011 ማብቂያ ከአገሪቱ ጨርሶ ሊወጣ። ጠላት እንዳይሰማው የተባለው ቀን ባለአገሩ አጥብቆ ሲጠይቅ ተነገረ። ምስጢርነቱ የት ገባ?

በእኛ ባህል እንግዳን «መቼ ትሄዳለህ?» ማለት ነውር ነው። በር ሰብሮ የገባን ባለጠመንጃ ግን እንግዳ የሚለው ማን ነው? ቀን ካልተቆረጠስ፣ አማፂው ወጣቱን «እነዚህ ለዘላለም መጡ» ብሎ ሲያነሣሣ በምን አፍ ይመለስለታል?

የሞሱልን የ2014 ውድቀት ጠቅሶ የሚሞግተኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከተማዪቱ ወደቀች፣ ወታደሮቹም በባግዳድ ጥሪ ተመለሱ። ነገር ግን የኢራቅን ነባር ጦር በ2003 በአንድ ትእዛዝ የበተነው ያዡ ራሱ ነው። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ተቀምጦ ያላጸናውን አዲስ ጦር ሃያ ዓመት ቢሰጠው ያጸናው ነበርን? በአፍጋኒስታን ሃያ ዓመት አግኝቶ ነበር፤ ካቡል በ2021 የወደቀችው ግን የመጨረሻው አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ ነው።