የመዋኛ ገንዳውን ማን ያሙቀው?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው መራዊ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ግን ሌሊቱ አጥንት ይነካል። በዚህ አካባቢና በጣና ዳርቻ ሆቴል፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ሰፋ ያለ መኖሪያ የሚሠሩ ወገኖች በግቢያቸው መዋኛ ገንዳ ካስቆፈሩ በኋላ የሚገጥማቸው ጥያቄ ውኃው በምን ይሙቅ የሚል ነው። በእኛ እምነት ጥያቄው ዘግይቶ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከተሳሳተ ጫፍ ይጀመራል።

የቅንጦት ነገር ምን ያስጨንቃችኋል የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እንደሚታወቀው ግን በጣና ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ሕፃናት ዋና የሚለማመዱትም እዚያው ዳር ላይ ነው። በክሎሪን የታከመ ገንዳ ለልጅ ዋና ማስተማሪያ የተሻለ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ውኃው ቀዝቃዛ የሆነ ገንዳ ከተመረቀበት ቀን በኋላ የሚገባበት ያጣል። ማሞቂያው ያላግባብ የተመረጠ እንደሆነም ወጪው የገንዳው ባለቤት ጣጣ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት የሚዋኝ ሰው ማሞቂያ መምረጥ አያስፈልገውም፤ ምድር መርጣለታለች። ከጣና በስተ ምሥራቅም የዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ። ከጓሮው ፍል ውኃ ያልፈለቀለት የመራዊ ነዋሪ ግን ስሌት መያዝ ግዴታው ነው።

ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። 48 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህን ውኃ ከ22 ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 280 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 80 ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ የሚበላው ኃይል ማለት ነው። ብዙ ቢመስልም አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ገንዳውን የሚያደኸየው በየዕለቱ የሚያጣው ነው።

የዚህ ብክነት ዋናው መንገድ ትነት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 580 ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጣና ራሱ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጥልቀት ያለው ውኃ በትነት ያጣል፤ ይህም በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ገንዳችን ከሐይቁ ባይብስ እንኳ (የሞቀ ውኃ ስለሆነ ይብሳል) ከ32 ካሬ ሜትር ገጹ በየቀኑ 128 ሊትር ይተናል። ፀሐይ ካልተካችው ገንዳው በዚህ ብቻ በቀን አንድ ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ 128 ሊትር ከስድስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በላይ መሆኑንም ልብ ይሏል።

ይህን ኪሳራ በኤሌክትሪክ ብቻ እንተካ ብንል በቀን 86 ኪሎዋት ሰዓት እንፈልጋለን፤ ምጣዱ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ተጣደ ማለት ነው። በስድስት ቀን ውስጥ የቤተሰብ ታሪፍ የመጨረሻ እርከን የሚጀምርበትን 500 ኪሎዋት ሰዓት እናልፋለን። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የለምን፣ ኃይል ምን ያንሰናል የሚል መከራከሪያ ሰምተናል። ግድቡ የሚያመነጨው ኃይል በትራንስፎርመርና በሰፈር መስመር በኩል ነው የሚደርሰን። ኤሌክትሪክን ያህል ክቡር ኃይል ውኃን አምስት ዲግሪ ለማሞቅ ማዋል ወርቅ አቅልጦ ማጭድ እንደ መሥራት ይቆጠራል። በሜጫ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ በእንጨት ቦይለር እናሙቅ ለሚለውም መልሳችን አጭር ነው፤ ከእንጨቱ ሙቀት ግማሹ ውኃው ዘንድ ቢደርስ በየቀኑ 40 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ይነዳል፤ ጭሱም ለጎረቤት ይተርፋል።

እንግዲህ ማሞቂያ ከመግዛት በፊት ሽፋን ይገዛ እንላለን። የአየር ከረጢት የተነፋበት፣ ብርሃን አሳላፊ የሆነ ፕላስቲክ በውኃው ላይ ሲነጠፍ ተዘርግቶ በቆየበት ጊዜ ሁሉ አብዛኛውን ትነት ያስቀራል። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ በገንዳችን ገጽ ላይ ከ160 በላይ መሆኑ ነው። ትልቁ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ ገንዳው ራሱ ሆኖ ሳለ በማንጎ ጥላ ሥር መቆፈሩ ያስገርመናል።

ይህም ካልበቃ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ይጨመር፤ ስፋቱ ከገንዳው ገጽ ግማሽ ያላነሰ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ይሁን፤ ሙቀቱ የሚፈለግባቸው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ የምታጋድልባቸው ናቸውና። በየሆቴሉ ጣሪያ ላይ የምናየው ባለ መስታወት ቱቦ ሶላር ለመታጠቢያ የሚሆን 60 ዲግሪ ውኃ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ለ27 ዲግሪ ያን ያህል መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ውኃው ከአየሩ እምብዛም ስለማይሞቅ መስታወት የሌለው ርካሽ ቱቦ ሙቀት የሚያባክነው ጥቂት ነው። ፓምፑ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ይቁም፤ ሌሊት ከሠራ ያው ቱቦ የገንዳውን ሙቀት ወደ ጥርት ሰማይ ይበትናል።

ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ለሚቀበል ሆቴል፣ ከአየር ሙቀት እየሳበ ወደ ውኃ የሚያስተላልፈው ሂት ፓምፕ ሁለተኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለወሰደው አንድ እጅ ኤሌክትሪክ አራት እጅ ያህል ሙቀት ይመልሳል። ነገር ግን ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሲበላሽም ጋዙን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ለግል ግቢ አንመክረውም። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ውስጥ ለመዋኘት የሚቸኩል ቤተሰብ እምብዛም ነው፤ በነዚያ ወራት ገንዳው ቢቀዘቅዝ አይጎዳም።

ሽፋኑን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ልቅ ሽፋን ልጅን አይሸከምም፤ ከሥሩ የገባን ልጅም ከእይታ ይሰውራል። ስለዚህ በገንዳው ዙሪያ የሚቆለፍ አጥር መኖር አለበት፤ ዋና ከመጀመሩ በፊትም ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ለዚህ የሚሆነው መጠቅለያ በርሜል ከገንዳው አንድ ጫፍ ላይ የሚያርፍበት ስፍራ ይፈልጋል፤ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በፕላኑ ላይ ይመልከት።