የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች ፋይዳ

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የዘር ልዩነት በ1954 እ.ኤ.አ. በፍርድ ከታገደ ወዲህ፣ የጥቁሮች ኮሌጆች ከእንግዲህ ምን ይፈይዳሉ የሚሉ አልታጡም። እርግጥ ነው፣ ኮሌጆቹ የተቋቋሙት ሌላው በር በመዘጋቱ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራቸው በዚህ ብቻ አይለካም። ብዙ ምሁራን አፍሪካን ታሪክ አልባ ባደረጉበት ዘመን፣ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የኢትዮጵያንና በዛሬዋ ሱዳን የነበረችውን የኩሽን ሥልጣኔ ከ1922 ጀምሮ ያስተምር የነበረው በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማሩት መላኩ በያንም ለሕክምና ትምህርት የገቡት ወደዚሁ ሃዋርድ ነበር፤ በ1935 ተመርቀው አገራቸው ገቡ፤ በጦርነቱም ቁስለኞችን አከሙ። በ1937 በኒው ዮርክ ለተወረረችው ኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን እንግዳ ሰው አልነበሩም።