ወፍራሙን ልጅ ከመውቀስ በፊት





እኔ በአዲስ አበባ የምኖር መምህር ነኝ። በሥራዬ ደጋግሜ የምታዘበው ነገር አለ። ወፈር ያለ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲገኝ ጓደኞቹ ቅጽል ስም ያወጡለታል፤ ታላላቆቹም «ሆዳም» ወይም «ሰነፍ» ብለው ይፈርዱበታል። ልጁ ከኀፍረት የተነሣ ከጨዋታ ይሸሻል፤ ከጨዋታ በሸሸ ቁጥርም ይብስበታል። በሌላ በኩል ደግሞ ውፍረትን የድሎት ምልክት አድርገው «ልጄ አማረበት» እያሉ የሚደሰቱ ወላጆች አሉ። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ርቀዋል።

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። በዚህ ነገር ሳይንስም በከፊል ይመሰክርላቸዋል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1986 ስለ ዴንማርክ ሰዎች የወጣ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፥ በማደጎ ያደጉ ሰዎች ውፍረት የሚመሳሰለው ካሳደጓቸው ሳይሆን ከወለዷቸው ወላጆች ጋር ነው። በ1994 በአሜሪካ ዶክተር ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው የሌፕቲንን ዘረ መል አገኙ። ሌፕቲን ከሰውነት ስብ ወጥቶ ለአንጎል «በቃኝ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነው። በ1997 በእንግሊዝ አገር ሌፕቲን ከተፈጥሮ የጎደላቸው ሁለት ልጆች ተገኙ፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቢበሉ ቢበሉ አይጠግቡም ነበር። ከሁለቱ አንዷ ሌፕቲኑን በመርፌ ስትወስድ የምግብ ፍላጎቷም ክብደቷም ቀነሰ። ታዲያ ይህችን ልጅ «ሆዳም» ማለት ፍርድ ነውን? እንዲህ ያለው ጉድለት እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያገኛል። በአብዛኛው ግን እያንዳንዳቸው ጥቂት በጥቂት የሚገፉ ብዙ ዘረ መሎች ተደምረው አንዱን ልጅ ከሌላው ይልቅ ለውፍረት ያጋልጡታል።

ሆኖም ነገሩን ሁሉ በዘር ማሳበብ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ1990 ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2022 ከመቶ 20 ደረሱ። የሰው ዘር በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው።

ወደ ከተማችን እንመልከት። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈተና ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። በበሩ ላይ ግን ብስኩት፥ የድንች ጥብስና ለስላሳ መጠጥ ይሸጣል። በአንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ከ7 የሻይ ማንኪያ አያንስም። ልጁ በመኪና ሄዶ በመኪና ይመለሳል፤ ቤት ሲገባም ስልክ ይዞ ይቀመጣል።

«የሚራብ ልጅ ባለበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን በአንድ ሰፈር ውስጥ የከሳውም የወፈረውም ልጅ ጎን ለጎን ሲኖሩ አያለሁ። ጣፋጭ ነገርም ለድኻው ልጅ ሳይቀር በጥቂት ገንዘብ ይደርሰዋል። በልጅነት የመጣ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከሰውየው ጋር ያድጋል፤ የስኳር በሽታንና የደም ግፊትንም ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ወላጆች ወፍራሙን ልጅ ለብቻው ከማስራብ ይልቅ የቤቱን ማዕድ በሙሉ ቢያስተካክሉ ይሻላል። ትምህርት ቤቶች ለስላሳ መጠጥን ከግቢያቸው አስወጥተው ለልጆች የመሮጫ ጊዜ ይስጡ፤ የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን 60 ደቂቃ ያህል እንቅስቃሴ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በትልልቅ ጎዳናዎች ላይ ሳይወሰን በየቀበሌው ለልጆች መጫወቻ ቦታ ቢያስገኝ እንዴት መልካም በሆነ ነበር! እኛ መምህራንም ቅጽል ስሙን ሰምተን ዝም አንበል።

የልጁን ዘር ልንለውጥለት አንችልም። ልጓሙን የያዝነው ግን እኛ ታላላቆቹ ነን፤ ስለዚህ ወቀሳውም ወደ እኛ ይሁን።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ