የሽሮ ሜዳ ነጋዴ የግብር ቅጹን ማን ይሙላለት?

ሐምሌ ሲገባ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ክረምቱ ያቀዘቀዘው ገበያና ግብር። ደመወዝተኛው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ግብሩን ቀጣሪው ከደመወዙ ቀንሶ ስለሚያስገባለት አብዛኛው የግብር ማሳወቂያ ቅጽ በዓይኑ አያይም። ቅጽ የሚሞላው ባለሱቁ፣ ቤት አከራዩ፣ ከሸማኔ ነጠላና ቀሚስ ተረክቦ የሚቸረችረው ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ያለው ጥቂቱ ነው።

የቀረው የሚሄደው ወደ ማመልከቻ ጸሐፊና ወደ ጉዳይ ገዳይ ነው። እነሱም እንጀራቸው ነውና አይፈረድባቸውም። ችግሩ ሌላ ነው። ጉዳይ ገዳዩ የመሰለውን የሽያጭ መጠን ያሰፍራል፤ ነጋዴው ይፈርማል። የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ያረጋገጠው እንግዲህ ነጋዴው እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ነገር ሲመጣ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

አንዲት ቁጥር ምን ያህል እንደምታስደነግጥ በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። ያን ጊዜ ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የዕለት ሽያጭ ጠየቁ። ነጋዴው ለምን እንደተጠየቀ በቅጡ ሳይገባው የቀን ገቢ ግምቱ መጣለት፤ በአዲስ አበባም በኦሮሚያ ከተሞችም ቁጣ ተነሣ፣ ሱቅም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ራሱ ተለውጧል። በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286 100 ሺህ ብር የነበረው የደረጃ «ሐ» ጣሪያ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ወደ 500 ሺህ ከፍ አለ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ «ሐ»ን ከነጭራሹ አስቀርቶ፣ ዓመታዊ ገቢው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ውስጥ አስገብቶታል። ግብሩ የሚሰላውም ከጠቅላላ ሽያጩ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ የምትሰፍረው የሽያጭ ቁጥር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ጉዳይ ገዳይ ደጃፍ ላይ በግምት የሚጽፋትም እሷኑ ነው።

ነጻ እርዳታ የለም ማለት አይደለም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የማስተማር ሥራ አለው፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅም ይቻላል፤ በኮምፒውተር ማሳወቅ፣ በባንክና በቴሌብር መክፈልም መጥቷል። ይሁንና ስልኳን ለልጇ ሰጥታ «እስቲ ይህን አንብብልኝ» ለምትል የነጠላ ነጋዴ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። ደግሞስ ግብር ከሚጥለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ፊት ሽያጩን ዘርግፎ ምክር የሚጠይቅ ስንቱ ነው? መካሪው ሌላ ቢሆን ይሻላል።

ኤምባሲዋ ለሽሮ ሜዳ ጎረቤት የሆነችው አሜሪካ ይህን ካወቀች ቆይታለች። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የግብር ቅጽ በነጻ ይሞላሉ። እዚያ የሚኖረው ወገናችንም አንዳንዱ ይጠቀምበታል። ጉለሌ በጎ ፈቃደኛ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የሚማሩበት ስድስት ኪሎ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል አጭር የታክሲ መንገድ ነው። ወረዳዎቹ በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ ጠረጴዛና ወንበር ቢሰጧቸው ይበቃል። ጊዜው ግን ሐምሌ መሆን የለበትም፤ በሐምሌ ሰልፉ ራሱ ሰው ያሳብዳል። ነጋዴው የሽያጭ ደብተሩን ይዞ በግንቦትና በሰኔ መምጣት አለበት። ደብተር የሌለው ደግሞ በመስከረም ቢጀምር የሚቀጥለው ዓመት ይቀልለታል።

አንድ ነገር አይዘንጋ፦ ረዳቱ ሞልቶ ሲጨርስ ቅጂውን ለነጋዴው ይስጥ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። ምን ብሎ እንዳሳወቀ በእጁ ማስረጃ የሌለው ሰው በእነዚያ 21 ቀናት ምን ይዞ ይሟገታል?