የአባቴን መጻሕፍት የት ልሽጣቸው?

እናንተዬ፣ ወደዚህ አምድ የፍቅር ደብዳቤ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የዚህን ሳምንቱን ላንብብላችሁ። ላኪው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ ቡሬ ይኖራል። ስሙን እንደ ልማዳችን ትተነዋል፤ ጽሑፉንም ትንሽ አሳጥረነዋል።

«አባቴ መምህር ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ትቶልን የሄደው አንዲት ቤትና መቶ አርባ ያህል መጻሕፍት ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ የመንገዱ፣ የልብሱ፣ የብርድ ልብሱ ወጪ እኔን ይጠብቃል። አንድ ነጋዴ መጥቶ አየና ‹ሁሉንም ባንዴ በስድስት ሺህ ብር ልውሰድልህ› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹እብድ ነህ እንዴ? ኢንተርኔት ላይ በጨረታ ብታወጣቸው ሦስት እጥፍ ታገኛለህ› ይለኛል። እናቴ የአባትህ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ለማንም አትሰጥም ብላ ታለቅሳለች። ከመጻሕፍቱ መካከል ልባሱ የተላቀቀ ኦሮማይ አለ። የአያቴ የብራና ዳዊትም አለ፤ እሱን ውጭ አገር የሚኖር ሰው በቴሌግራም አግኝቶኝ በዶላር ልግዛህ ብሎኛል። የትኛው የጨረታ ቦታ ይሻለኛል? እህቴ የምትገባበት ቀን ደርሷል።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የአባትህን ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ያንን ነጋዴ እስከ መጪው ሳምንት አቆየው። አልተቀየምኩትም፣ ሥራው ነው። ግን አንድ በአንድ ሳያገላብጥ በጅምላ ዋጋ የሚጠራ ገዢ ካየህ፣ ዓይኑ ያረፈበት አንድ ሁለት መጽሐፍ እመደርደሪያው ላይ አለ ማለት ነው። የቀረውን የሚወስደው ለማዳመቂያ ነው።

ወደ ጨረታው እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ ጨረታን ያስለመደው ኢቤይ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ፒየር ኦሚድያር የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ ሲጀምረው መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ ምን መሰለህ? የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ! በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሄደ። ገዢው የተበላሹትን እየፈለገ የሚሰበስብ ሰው ነበር ይባላል። ጓደኛህ የሰማው እንዲህ ያለውን ወሬ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ልብ በል፤ ዋጋ እንዲወጣ እንደዚያ ያለ እብድ አንድ ብቻ አይበቃም፣ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ ሃምሳ ሲል ሌላው ስልሳ የሚል ከሌለ፣ ጨረታህ በመነሻ ዋጋው ይዘጋል፤ መጽሐፉም በሃምሳ ብር ይሄድብሃል። ዛሬ ራሱ ኢቤይ ላይ አብዛኛው ዕቃ የሚሸጠው በቁርጥ ዋጋ ነው፤ በጨረታ አይደለም። ዓለምን ጨረታ ያስተማረው ድርጅት እንዲህ ካደረገ እኛ ምን ቤት ነን?

ከቡሬ ሆነህ ኢቤይ ላይ እሸጣለሁ ማለትም ቀላል አይደለም። ከውጭ የሚመጣውን ክፍያ መቀበል አንድ ጣጣ ነው። ፔይፓል እንኳ ኢትዮጵያ ላለ ሰው መቀበያ ሆኖ አያገለግልም። አንድ ኪሎ መጽሐፍ ባሕር ለማሻገር የሚከፈለው ከመጽሐፉ ሊበልጥ ይችላል። ውጭ የሚኖር የምታምነው ዘመድ ካለህ ሌላ ነገር ነው፤ ከሌለህ እርሳው። ኢቤይ የሚጠቅምህ ለሌላ ሥራ ነው፦ ዋጋ ለማየት። ቀድሞ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቦታ አለው፣ እዚያ ግባና ተመልከት። ኤቤቡክስ የሚባልም አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የተመሠረተ፣ በ2008 አማዞን የገዛው የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ነው። የውጭ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ የጻፏቸው አሮጌ መጻሕፍት እዚያ ተጠርተው ታገኛለህ። ብቻ እዚያ የምታየው ዋጋ ሻጩ የጠራው ነው፤ የተሸጠበት አይደለም። የተጠራውን እንደ ተከፈለ ቆጥረው ቤት ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች አውቃለሁ።

አገር ውስጥ ደግሞ ጂጂ አለልህ። ስልክ፣ ሶፋ፣ መኪና ለሚሸጥ ሰው ደህና ነው። እዚያ የሚገባው ገዢ ግን ፍሪጅ ሊፈልግ የገባ ነውና በአሮጌ ልብ ወለድ ላይ ዓይኑ አያርፍም። በየዓይነቱ የጨረታ ድረ ገጽ ስትል ጊዜህን አታባክን። የእኛ አገር መጽሐፍ ወዳጅ ዛሬ ያለው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው። ድሮ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አስፋልት ዳር ቁጢጥ ብሎ የሚፈልግ የነበረው ሰው፣ አሁን አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ይፈልጋል። አሮጌ መጽሐፍ በፎቶ የሚሸጥባቸው ቻናሎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከፎቶው ሥር በአስተያየት መስጫው ጨረታ ያካሂዳሉ።

ታዲያ የቱን ትመርጣለህ? የተከታዩ ብዛት አያታልህ። እኔ ብሆን አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳልሸጥ አያለሁ። ከፎቶው ሥር ‹ተሽጧል› የሚለው ስንቴ ይጻፋል? መዝጊያ ሰዓቱ ከመጀመሪያው ተነግሯል ወይስ ባለቻናሉ ሲያሻው ነው የሚዘጋው? ዋጋ እየጨመሩ የሚጽፉት ሁልጊዜ እነዚያው ሁለት ስሞች ከሆኑና መጽሐፉ በሳምንቱ ተመልሶ ከወጣ፣ አስመሳይ ተጫራቾች ናቸው። ኮሚሽኑ ስንት ነው? የመላኪያውን ማን ይከፍላል? ይህን ስትጠይቀው የሚቆጣ ባለቻናል ካጋጠመህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው፣ ውጣ።

የራሴን ልንገርህ፤ ሳልስቅ ግን አልነግርህም። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ሦስት መጻሕፍት እንዲሁ ኢንተርኔት ላይ ሸጥኩ። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ እንጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አላውቅም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከእነዚያና ከመሰሎቻቸው ነውና መሸጡ ራሱ አንጀቴን በልቶት ነበር። ገዢው የከፈለበትን ማስረጃ ፎቶ ላከልኝ፤ ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ስሜም በትክክል ተጽፏል። መጻሕፍቱን ለሹፌር ሰጥቼ ላክሁ። ማታ ሒሳቤን ብከፍት ወፍ የለም! ፎቶው ተቀነባብሮ የተሠራ ነበር። ሰውዬው እስካሁን ስልክ አያነሣም። ስለዚህ ስማኝ፤ ቴሌብርም ሆነ ባንክ፣ የላኩልህን ፎቶ አትመን፤ የደረሰህን አጭር መልእክት እንኳ አትመን። የራስህን ሒሳብ ከፍተህ ገንዘቡን በዓይንህ እይ፤ ከዚያ ነው መጽሐፉ ከቤት የሚወጣው።

አሁን ወደ መደርደሪያው። የቡሬ ልጅ ነህና በርበሬ ተራ ቆመህ አይተሃል። ዛላውን ከነጫጩ ጋር ደባልቆ የሚሸጥ ሰው የሚከፈለው የነጫጩን ዋጋ ነው። መጽሐፍም እንደዚያው ነው፣ ልቀም። የአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት መማሪያዎች ካሉ ተስፋ አታድርግባቸው፤ ከ2015 ጀምሮ አዲሱ ስለገባ ፈላጊያቸው ጥቂት ነው። ደጋግመው የታተሙትን ልብ ወለዶች በመጠነኛ ቁርጥ ዋጋ ልቀቃቸው፤ ማንበብ ብቻ የሚፈልገው ሰው ፒዲኤፉን በነፃ ያወርደዋልና (ደራሲዎቹን የሚጎዳ ነገር ነው፣ ግን ሆኗል) ወረቀቱን የሚገዛህ ወረቀቱን ራሱን የሚወድ ነው። እንዲህ ያለው ገዢ የመጀመሪያ እትም ይፈልጋል። ፍቅር እስከ መቃብር ካለህ የ1958ቱ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ የታተመ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ኩራዝ ያሳተማቸው፣ ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው ይመጡ የነበሩትም ሰብሳቢ አላቸው።

ያ ልባሱ የተላቀቀው ኦሮማይ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን ያወጣው በ1975 ነው፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በ1976 ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ከተሰበሰበው እትም ተርፎ አባትህ እጅ የገባ ከሆነ፣ ለጨረታ የሚሆን መጽሐፍ ይኸውልህ፤ ሁለት እብድ አይጠፋለትም። በኋላ የታተመ ከሆነ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ነው። ልባሱን ሙጫ ቀብተህ ‹ላሳምረው› እንዳትል! የተላቀቀውን እንደ ተላቀቀ፣ የጎደለ ገጽ ካለም እንደ ጎደለ በፎቶ አሳይ። የደበቅኸው ጉድለት ዞሮ መጥቶ ስምህን ነው የሚያጠፋው።

የጨረታው ጊዜ ላይ አትቸኩል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ እንደነበር አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። መንገዱም ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሲሆን አይተሃል። በአንድ ሌሊት የሚዘጋ ጨረታ አውጥተህ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ዋጋውን የሚወስንልህ ሌላ ሰው ነው። አምስት ስድስት ቀን ስጠው፤ ‹የሚላከው መንገድ ሲከፈት ነው› ብለህም ከፊቱ ጻፍ። ከቡሬ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ገዢው ይህን ካላወቀ በሁለተኛው ቀን ሌባ ይልሃል። ለእህትህ ጉዞ ደግሞ ጨረታውን አትጠብቅ። ቁርጥ ዋጋ የሚያወጡትን አስር አስራ አምስት አሁኑኑ ሽጥ፤ ከተማው ውስጥ ያሉትን መምህራንም ጠይቅ፣ የአባትህ የሥራ ባልደረቦች ቀድመው ያነሡልህ ይሆናል። መላኪያም የለበትም።

እናትህን በተመለከተ፣ ዕንባቸውና የገበያው ዋጋ አልተጣሉም። ዳርና ዳሩ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ የተሰመረበት መጽሐፍ በገበያ ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢ የማያውቀውን መምህር ጽሑፍ አይፈልግም። ለእናትህ ግን የባላቸው እጅ ነው። ስለዚህ እሳቸው ቁጭ ብለው ይምረጡ፣ አንተ አቀብላቸው። ሃያም ያስቀሩ ሠላሳ፣ የምታጣው ጥቂት ነው። ማንበብ የማይችሉ እንኳ ቢሆኑ የእጁን ጽሑፍ ይለዩታል።

የቀረው ዳዊቱ ነው። እሱን አትሽጥ። ለዚያ በዶላር ለሚያናግርህ ሰው ፎቶም አትላክለት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው፤ ሰውዬው አየር ላይ ነው፣ የሚታሰረው አንተ ነህ። የውጭዎቹ አጫራቾች ራሳቸው እየተጠየቁ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ዶርሴት በሚባል የእንግሊዝ አውራጃ፣ ከመቅደላ የተወሰደ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ወጥተው የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመና ከሽያጭ ተነሡ፤ ኋላም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። በ2024 ኒውካስል ላይ አንድ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ከጨረታ ወርዷል። እኛ በ1860 የተዘረፈውን ለማስመለስ ስንሟገት የአያትህ ዳዊት በካርቶን ታሽጎ ይውጣ? በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ እርጥበትና አይጥ ከማይደርስበት አኑረው፤ ሲመችህ የወረዳህ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደህ እንዲመዘገብ ጠይቅ።

ነጋዴውን ደግሞ አታባርረው። ለቅመህ፣ እናትህም መርጠው ሲጨርሱ የሚተርፈውን እሱ ይውሰድ፤ ያኔ ዋጋ የምትጠራው አንተ ነህ። ለአሁኑ ግን የኦሮማዩን የመጀመሪያ ገጾች፣ ዓመተ ምሕረቱ ያለበትን፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። አብረን እናየዋለን።