ፍሪጁ ሳይሞት ለምን ይቀበራል?

የቤታችን ፍሪጅ ባለፈው ሰሞን «ሞተ» ተባለ። ሞቱን ያረዳን ጠጋኝ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀና «ሞተሩ አልቆለታል፤ ይቀየር» ብሎ የሦስት ወር የጽሑፍ ክፍያዬን የሚውጥ ዋጋ ጠራ። «በምን አወቅህ ወንድሜ?» ብለው «ሥራዬ ነዋ!» አለኝ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ መብራት ሄደ። ሌሊት ሲመለስ አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ፣ እንደገና ቦግ አለ። ጠዋት የፍሪጁን በር ስንከፍት የውስጡ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ግን ጭጭ። ከምግቡ ይልቅ ያስጨነቀን የእናቴ ኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ለጊዜው ለጎረቤት አደራ ሰጠነው።

ሌላ ሰው ፍለጋ ወጣሁና ድሮ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ጋሼ መጥተው ቴስተራቸውን አወጡ። መጀመሪያ የለኩት ፍሪጁን ሳይሆን ሶኬቱን ነው፤ 220 ገደማ። «ልጄ፣ በሽተኛውን ከመመርመርህ በፊት የሚበላውን እይ» አሉኝ። ከዚያ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቅለው፣ የሞተሩን ማስነሻ አውልቀው፣ ሦስቱን እግሮች ሁለት ሁለቱን እየያዙ ለኩ። ትልቁ ንባብ የሁለቱ ትንንሾች ድምር ሆነ። አንዱም እግር ከብረት አካሉ ጋር አልተገናኘም። «ሞተሩ ደህና ነው» አሉ።

ታዲያ የታመመው ማን ነው? አዛዡ! የዛሬ ፍሪጅ ብዙው ከጀርባው ቦርድ አለው። ቦርዱ 220 ቮልቱን ወደ ትንንሽ ቮልት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 12ና 5 ይለውጣል። ቅዝቃዜውን ከሴንሰሩ ያነባል። በንባቡ መሠረት ሞተሩን በሪሌ ያስነሳል፣ ያጠፋል። እሱ ካላዘዘ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ዝም ይላል። አዛዡ ሲተኛ ወታደሩ ሞተ ይባላል ማለት ነው።

ቦርዱ ላይ 220 ይገባል፤ 12 ቮልቱ ግን የለም። ጋሼ እንደገና ነቀሉት። ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ የቋጠረው ኃይል ሰው ስለሚመታ፣ እስኪወጣ ጠብቀው ቦርዱን ፈቱት። ፊውዙ ተበጥሷል፤ አጠገቡ ያለው ክብ ቫሪስተር ጠቁሮ ተሰንጥቋል። ቫሪስተር ዘበኛ ነው። ከመጠን ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሱን ሰውቶ ፊውዙን ያስበጥስና የቀረውን ያድናል። ሁለቱ ተቀየሩ። ሒሳቡ ከነድካማቸው ሁለት ሰው ምሳ ከመጋበዝ አልበለጠም! ሲሰካ ግን አሁንም ዝም። ልቤ ወረደ። «ታገስ፤ ቦርዱ ሞተሩን ወዲያው አያስነሳም» አሉኝ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሪሌው ጠቅ አለ፤ ሞተሩም ማንጎራጎር ጀመረ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ይህን የምጽፈው የቤቴን ገመና ለማውራት አይደለም። በየቤቱ ስንት ጤነኛ ሞተር ተነቅሎ ተጥሎ ይሆን? ቧንቧው ተቆርጦ፣ ጋዙ ወጥቶ አዲስ ሞተር ቢገባም ቦርዱ ካላዘዘው አይነሳም። ያኔ «ቦርዱም ተበላሽቷል» ተብሎ ሁለተኛ ሒሳብ ይመጣል። ጠጋኝ ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም። ብዙው ሙያውን በዓይኑ የቀሰመ ነው፤ የዕቃውን የኤሌክትሪክ ንድፍም አምጥቶ የሚሰጠው የለም። ቢሆንም ሳይለኩ መፍረድ ድፍረት እንጂ ሙያ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «ሥራዬ ነዋ» መረጃ ነው እንዴ?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ያን ቫሪስተር ያቃጠለው ቮልት ከሰማይ አልወረደም፤ በሽቦ ነው የመጣው። ቆጣሪያችን ግን የሚቆጥረው የእኛን ዕዳ ብቻ ነው፤ የተቃጠለብንን አይቆጥርም። እሱንስ ማን ይክፈለን?

መልስ እስክናገኝ ድረስ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን እንንቀል፤ ሲመለስም እስኪረጋጋ እንቆይ። የተበጠሰ ፊውዝ በሽቦ አናሳስር፤ ዘበኛውን አስሮ ለሌባ በር መክፈት ነውና። ጠጋኙንም «ለክተህ አሳየኝ» እንበለው፤ ነውር የለውም። ፍሪጅ አፍ የለውም፤ ይግባኝ አይልም። ይግባኝ የምንልለት እኛ ነን።