ለመጀመሪያ ካሜራ የስንት ወር ደመወዝ?

ሰሞኑን ከመካ አንዲት እህታችን የጻፈችው ደብዳቤ እጄ ገብቷል። ስሟን አልጠቅስም። «አራት ዓመት በአረብ ቤት ሠርቻለሁ። ቤተሰብ እየረዳሁ 1,800 ሪያል አጠራቅሜአለሁ። ኮንትራቴ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ገብቼ ፎቶ ቤት መክፈት አስቤአለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ዕቁብሽን ጨምረሽ በ4,000 ሪያል አዲስ ካሜራ ግዢ ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ለቤት ሠራተኛ ካሜራ ምን ያደርግላታል ብላ ትስቅብኛለች። የቷን ልስማ?» ትላለች።

እኔ ሁለቱንም አትስሚ እላለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ለምትስቀዋ መልስ ልስጥ። ዛይዛ ክሩዝ ባካኒ የምትባል ፊሊፒናዊት እንደኛው የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ እናቷም በምትሠራበት ቤት፣ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አገልግላለች። የመጀመሪያ ካሜራዋን የገዛችው ከአሠሪዋ ተበድራ ነው። በዕረፍት ቀኗ እየወጣች የከተማውን ሰውና የስደተኛ እህቶቿን ኑሮ ታነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ማግነም ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት የትምህርት ዕድል ሰጥቷት ኒው ዮርክ ሄዳ ተማረች፤ በ2018 ደግሞ የስደተኛ ሠራተኞችን ሕይወት የሚያሳይ የፎቶ መጽሐፍ አሳተመች። ሁላችንም እንደ እርሷ እንሆናለን ማለቴ አይደለም። ነገር ግን መጥረጊያ የያዘ እጅ ካሜራ መያዝ አይችልም የሚል ሰው ተሳስቷል።

ደግሞም በመካ ታሪክ ስሙ የሚነሳው የመጀመሪያው የአገሬው ተወላጅ ፎቶ አንሺ ሥራው ሌላ ነበር። አብዱል ጋፋር የሚባል ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሕክምናውን ሳይተው የከተማውን ሰዎችና ሐጃጆችን ያነሳ ነበር። ሥራን ከሥራ ጎን ለጎን መማር እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ባለ 4,000 ሪያሏ ልምጣ። ደመወዛችን በወር 1,000 ሪያል ነው እንበል። 4,000 ሪያል ማለት የአራት ወር እንቅልፍ ማጣት፣ የአራት ወር የእናት መድኃኒትና የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ይህን ሁሉ ገና ባልተማርነው ሙያ ላይ ማፍሰስ ትክክል አይመስለኝም። እኔ ራሴ ጅዳ ሳለሁ ሻጩ በነገረኝ የሜጋፒክስል ቁጥር ተታልዬ ካሜራ ገዝቼ ነበር። ቤት ገብቼ ስሞክረው ሌንሱ በራሱ አያጠራም፤ በእጅ ካላዞሩት ሁሉም ፎቶ ይደበዝዛል። ለካስ የካሜራው አካል ሌንሱን የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለውም፤ ሌንሱም የለውም። ልመልስ ብል ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ዕቃው ሁለት ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተኛ። የዛሬው ምክሬ የመጣው ከዚያ ኪሳራ ነው።

ዲኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ በውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚፈታና የሚቀየር ትልቁ ካሜራ ነው። ድሮ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ለተራው ሰው ከ1,000 ዶላር በታች ወርዶ የተሸጠው እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖን 300ዲ ሲወጣ ነው። ዛሬ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች አዙረዋል፤ ኒኮን በ2018 ያወጣውን ዲ3500 እንኳ ማምረት አቁሟል። ይህ ለሀብታም ገዢ ችግር ቢሆንም ለእኛ በጎ ነው። ባለገንዘቡ አሮጌውን እየጣለ ወደ አዲሱ ሲሄድ ያገለገለው ዲኤስኤልአር ይረክሳል። የትናንቱ ካሜራ ደግሞ ዛሬ ጥሩ ፎቶ ማንሳት አልተወም።

የሜጋፒክስል ነገር አያሳስባችሁ። ለአልበም የሚታተመው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ 2 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኒኮን ዲ40 ባለ 6 ሜጋፒክስል ነው፤ እርሱም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 20 በ30 ፎቶ አጥርቶ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የወጡት እንደ ኒኮን ዲ3100 ወይም ካኖን 600ዲ ያሉት ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው።

ገንዘባችሁን ሌንስ ላይ አውሉት። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚለው ሌንስ ለመማር ጥሩ ነው፤ ቀን ደጅ ላይ ይሠራል። የአገራችን ሰርግና ክርስትና፣ መውሊድና ኒካህ ግን ብዙውን ጊዜ ድንኳን ውስጥና በደካማ አምፖል ሥር ነው። ለዚህ ቀዳዳው ኤፍ 1.8 የሆነ ትንሽ ሌንስ ያስፈልጋል። ያኛው ሌንስ በ55 ላይ ሲሆን ከሚያስገባው ብርሃን ይህኛው ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ያስገባል። ለካኖን ባለ 50፣ ለኒኮን ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ከሌንሶች ሁሉ ርካሾቹ መካከል ናቸው። የኒኮን ትንንሾቹን ካሜራዎች የምትገዙ ሌንሱ ላይ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ተመልከቱ፤ እኔን ያከሰረኝ ይህን አለማወቄ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ አትቸኩሉ። የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ሃያ ሠላሳ ፎቶ አንሱ። ነጭ ግድግዳ አንሱና አጉልታችሁ እዩት፤ ጥቁር ነጥብ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ ከታየ ውስጡ ቆሻሻ አለ። ሌንሱን ወደ መብራት አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነውና ተዉት። ጅዳ የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች እርጥበቱ ሌንስ ያሻግታል። ስንት ፎቶ እንዳነሳም ጠይቁ። ኒኮን የዲ3100ን ሹተር የፈተነው ለ100,000 ጊዜ ነው፤ ወደዚያ የቀረበ ከሆነ ዋጋው በጣም መውረድ አለበት። ባትሪና ቻርጀር አብሮ ይሁን። መውጣት የማይፈቀድላችሁ ደግሞ የምታምኗት እህት ሄዳ ይህንኑ እንድታደርግላችሁ ጠይቁ እንጂ በሥዕል ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትላኩ።

ለመካዋ እህቴ ሒሳቡን እንዲህ አደርገው ነበር። ከ1,800ው ከ1,200 ያልበለጠውን ለካሜራና ለሁለቱ ሌንሶች፣ 200ውን ለካርድ፣ ለትርፍ ባትሪና ለቦርሳ። 400ው አይነካ። በ1,200 ሁለቱም ሌንስ ካልተገኘ ሁለተኛው ይቆይ። ዕቁቡም ለፎቶ ቤቱ ኪራይ ይቀመጥ፤ ካሜራ ብቻውን ፎቶ ቤት አይሆንምና።

ከዋጋው በላይ የሚያስፈራኝን ነገር ሳልናገር አልዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ በካሜራ ሞባይልና በመሳሰለው የሰውን የግል ሕይወት የደፈረን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ይጥልበታል። ስለዚህ የማዳምን፣ የልጆቹን፣ የቤቱን ፎቶ አታንሱ። ሕፃኑ ቢያምር፣ ብትወዱትም፣ ሳይፈቀድላችሁ አታንሱ። ፖሊስ ጣቢያና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ ካሜራ አታውጡ። በመካና በመዲና ሐረም ውስጥ ፎቶ ማንሳት የሚከለክል ማስታወቂያም በ2017 ወጥቷል። ካሜራውን ስትገዙ ደረሰኝ፣ እዚህ «ፋቱራ» የሚሉትን፣ በስማችሁ ተቀበሉ፤ ከግለሰብ ከሆነም ስሙና ፊርማው ያለበት ወረቀት ያዙ። በመውጫችሁ ቀን ሻንጣ ሲፈተሽ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ብትባሉ የሚያድናችሁ ያ ቁራጭ ወረቀት ነው። ካሜራ መግዛታችሁንም ማዳም ከመጀመሪያው ትወቅ።

እስከዚያው በእጃችሁ ባለው ሞባይል ተለማመዱ። ጠዋት በኩሽና መስኮት የሚገባው ብርሃን አንዲት ብርቱካን ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሆነ፣ ቀትር ላይ እንዴት እንደሚለወጥ አንሱና አስተያዩ። ይህን ሦስት ወር ያደረገች ሰው ካሜራ ያስፈልጋት እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ሰልችቷት ከተወችው ደግሞ 1,800 ሪያሏ ተረፈ፤ ይህም ቀላል ትርፍ አይደለም።

እህቴ ሆይ፣ ሕልምሽ ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ካሜራሽ ግን ትንሽና አሮጌ ይሁን። የተሻለውን ኮምቦልቻ ላይ ደንበኞችሽ ይገዙልሻል። ፈጣሪ ሁላችንንም ለአገራችን በሰላም ያብቃን።